ጳጉሜን የት ገባች? በአሮጌ ፎርትራን ፕሮግራሞች ውስጥ ሜሞሪን ስለ ማስተዳደር

(ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በተሰናዳ የውሃ መሐንዲሶችና የፕሮግራም ሠሪዎች ስብሰባ ላይ ቅዳሜ ጠዋት የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ እንደወረደ የተጻፈ ነው፤ የተዘለለው ማይኩ የጠፋባቸው ቦታዎች ብቻ ናቸው።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አረፈዳችሁ? … አልሰማሁም። ከኋላ ያላችሁት ቁርስ አልበላችሁም እንዴ? እንደምን አረፈዳችሁ? … እንዲህ ነው እንጂ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ክቡራን መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከጎንደርም ከደብረ ታቦርም በጨለማ ተነሥታችሁ የመጣችሁ ልጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዘጋጆቹ ሐይቁን ፊት ለፊቴ አድርገው ስለ ፎርትራን አውራ ብለውኛል። ዓይናችሁ ወደ ታንኳዎቹ ቢሄድ አልቀየምም፤ የእኔም እየሄደ ነው።

መድረክ መሪው "ጋሼ የሚያወሩልን ስለ ዳይናሚክ ሜሞሪ ነው፣ በፎርትራን" ሲል እዚህ ጋ ሁለት ልጆች ተያይተው ሲሥቁ አይቻለሁ። አልተቀየምኩም። ለእናንተ ፎርትራን የአያት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ ካላችሁት ውስጥ የጣናን ተፋሰስ በስዋት፣ በዚያ የተፋሰስ ሞዴል፣ የሠራ እጁን ያውጣ። … ይኸው! ግማሹ አዳራሽ። ስዋት በምን የተጻፈ ይመስላችኋል? እናንተ የምታዩት ካርታውንና ቁልፎቹን ነው፤ ሆዱ ግን ፎርትራን ነው። ለከርሰ ምድር ውሃ የምትሠሩበት ሞድፍሎውስ? ፎርትራን። ስለ ግልገል አባይ፣ ስለ ጉማራ፣ ስለ ርብ፣ ስለ መገጭ ከጻፋችሁት የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙው በዚህ ሆድ ያለፈ ነው። እና የአያት ቋንቋ ነው ብላችሁ የምትሥቁበት ነገር ዲግሪ ሰጥቷችኋል።

ዳይናሚክ ሜሞሪ ማለት ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ በልኩ የሚወስደው የማስታወሻ ቦታ ነው፤ ስለ እርሱ ዛሬ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ የድሮዎቹ ሜሞሪን እንዴት ይካፈሉ ነበር። ሁለተኛ፣ ያንን ክፍፍል ወደ አዲሱ እንዴት እናሻግረዋለን። ሦስተኛ፣ የተወሰደውን ማን ይመልሳል። በእኩል አልናገራቸውም። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ፤ የተቃጠልኩት እዚያ ላይ ስለሆነ።

ወደ አንደኛው።

ፎርትራን ከአይቢኤም የወጣው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ ፎርትራን 77 ድረስ በቋንቋው ደንብ ውስጥ አንድ ነገር አልነበረም፤ ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ "ቦታ ጨምሩልኝ" ማለት። የአሬዩ፣ የቁጥሮቹ ድርድር ማለቴ ነው፣ መጠኑ ኮዱ ላይ ይጻፋል፣ ኮምፓይለሩ፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው፣ ያንኑ ያህል ይቆርጥለታል፣ አለቀ። አዝመራው ሳይታይ ጎተራ እንደ መለሰን ነው። 50 ንዑስ ተፋሰስ ብለህ ጽፈህ 51ኛ ቢመጣ፣ ኮዱን ከፍተህ፣ ቁጥሩን ቀይረህ፣ እንደገና ኮምፓይል ታደርጋለህ። ኮዱ እጅህ ላይ ከሌለስ? ደብዳቤ ትጽፋለህ። እኔ ጽፌያለሁ። መልሱ ሲደርሰኝ ጥናቱ አልቆ፣ ሪፖርቱ ተጠርዞ፣ መደርደሪያ ላይ ነበር።

ሰብሩቲኖቹ፣ የፕሮግራሙ ንዑስ ክፍሎች፣ ውሂብ የሚጋሩበት ደግሞ ኮመን የሚባል ነገር አለ። ኮመን ምንድን ነው? የወል መሬት ነው። በቃ፣ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም። ሁሉም ይገባበታል፣ ሁሉም ያሰማራበታል። የሚገርመው ግን ይኼ ነው፤ የወል መሬቱ ላይ ቁም ነገሩ ቦታው ነው፣ ስሙ አይደለም። አንዱ ሰብሩቲን የመጀመሪያዎቹን 12 ቦታዎች ዝናብ ብሎ ይጠራቸዋል፤ ሌላው ሰብሩቲን እነዚያኑ 12 ቦታዎች በሌላ ስም ሊጠራ ይችላል፣ ከፈለገም ስድስት ስድስት አድርጎ ሊከፍላቸው ይችላል። ኮምፓይለሩ "ኧረ ይሄ ከዚያኛው ፋይል ጋር አልገጠመም" ብሎ አይነግራችሁም፤ ፋይሎቹን የሚያያቸው አንድ በአንድ ነው። ይህንን ያዙልኝ። ስሙ ሳይሆን ቦታው! ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ብልሆቹ ምን አደረጉ? ቋንቋው ቦታ አይጨምርም ካለ እኛው እንካፈላለን አሉ። አንድ ትልቅ፣ በጣም ትልቅ አሬይ አወጁ። ከዚያ ፕሮግራሙ ተነሥቶ የግብአት ፋይሉን ሲያነብ "ስንት ረድፍ ነው? ስንት ዓምድ? ስንት ንብርብር?" ብሎ ይጠይቅና ከዚያ ትልቅ አሬይ ላይ ለእያንዳንዱ ድርሻውን እየሸነሸነ ይሰጣል።

በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ጊዜ እኔ ወጣት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ፈቃድ ወጥቼ አገር ቤት ነበርኩና ገመድ ሲጣል ቆሜ አይቻለሁ። አንድ ሰው የገመዱን ጫፍ ይዞ ይቆማል። ለአባወራው ድርሻው ይለካል፣ ድንጋይ ይተከላል፣ ጫፍ ያዡ ወደ ድንጋዩ ይራመዳል፤ የሚቀጥለው ሰው ድርሻ ከዚያ ይጀምራል። አሮጌው ሞድፍሎው ውስጥ ያ ገመድ ያዥ ስም አለው፤ አይሰም ይባላል። ከ1 ይነሣል። ለአንዱ አሬይ ቦታ ሲሰጥ መነሻውን ኤልሲ ብሎ በሚጀምር ስም ይመዘግብና በድርሻው ልክ ወደፊት ይራመዳል። የውሃውን ከፍታ የሚይዘው አሬይ ድርብ ትክክለኝነት ያለው፣ ለአንድ ቁጥር ስምንት ባይት የሚወስድ፣ ስለሆነ ሁለት እጥፍ ይራመድለታል፤ ባለ ሁለት ድርሻ አባወራ ማለት ነው። ኢንቲጀሩም (ሙሉ ቁጥሩ) ሪያሉም (ባለ ነጥቡ) እዚያው አንድ መሬት ላይ ይሠፍራሉ። መጨረሻ ላይ አይሰም ከአሬዩ ጫፍ ካለፈ ፕሮግራሙ "አሬዩን አስፉት" ብሎ ይቆማል። ልብ አድርጉልኝ፣ ይቆማል! መሬት ሳይኖረው አይሰጥም። ይሄ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጻፈ ኮድ ነው፤ ዛሬ ከእናንተ ስንቶቻችሁ ቦታ ስትጠይቁ መልሱን ትፈትሻላችሁ?

እኛ መሥሪያ ቤት በ1988 ዓ.ም. አንድ 386 ኮምፒውተር ነበረች። ለስድስት ሰው አንድ። ተራ የሚያዘው በደብተር ነው። ዶስ ለፕሮግራም የሚሰጣችሁ 640 ኪሎ ባይት ነው፤ ባለ አራት ባይት ቁጥር ብትደረድሩበት፣ ፕሮግራሙ ራሱ ምንም ቦታ አልያዘም ብትሉ እንኳ፣ 163,840 ቁጥር ነው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለች አንዲት ፎቶ ከዚያ ትበልጣለች። የእኛ ሞዴል 60 ረድፍ በ60 ዓምድ፣ ባለ ሦስት ንብርብር ነበር። 10,800 ሴል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ሴል ደግሞ ከ10 በላይ ቁጥር ይፈልጋል። ባልደረባዬና እኔ እርሳስ ይዘን ወረቀት ላይ እንካፈል ነበር። "ይቺ አሬይ ሥራዋን የምትጨርሰው የት ላይ ነው? ከዚያ በኋላ ቦታዋን ለዚያኛዋ ብንሰጥስ?" እያልን። የጠዋት መሬቷ የእርሷ፣ የከሰዓቱ የሌላዋ። ይሠራል! ይሠራል፣ እኛ እስካለን ድረስ። ወረቀቱ የጠፋ ቀን ግን መሬቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ወረቀቱም ጠፍቷል።

ይህንን ያነሣሁት የድሮዎቹን እንዳትንቁ ነው። "ዳይናሚክ ሜሞሪ የላቸውም" ትላላችሁ። ነበራቸው። በእጅ ነበር የሚሠሩት።

ሁለተኛው ነጥቤ። ሻይ የያዛችሁ እየጠጣችሁ ስሙኝ።

ፎርትራን 90 በ1991 እ.ኤ.አ. ደረጃ ሆኖ ሲወጣ አሎኬት የሚባለውን ትእዛዝ ይዞ መጣ። አሬዩን ስታውጁ መጠኑን ባዶ ትተዋላችሁ፣ አሎኬተብል ነው ትላላችሁ፣ ልኩን ስታውቁ ቦታውን ትጠይቃላችሁ። በቃ? በቃ። ታዲያ አሮጌውን ፕሮግራም ለመለወጥ ምን ያስቸግራል? የሚያስቸግረው የወል መሬቱ ነው። አሎኬተብል አሬይ ኮመን ውስጥ አይገባም፤ ደንቡ ይከለክላል። ስለዚህ መጀመሪያ ኮመኑን ወደ ሞጁል፣ ውሂቡ በስሙ ወደሚጋራበት ክፍል፣ ማሻገር አለባችሁ። ሞጁል ውስጥ ደግሞ ቁም ነገሩ ስም ነው። ከቦታ ወደ ስም! አቋራጭ የለውም፤ ማንኛውም ሰብሩቲን ያንን ኮመን በሌላ ስም ወይም በሌላ አከፋፈል ሲጠቀምበት ከነበረ ያኔ ይጋለጣል።

ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ፣ ጻፉት። መጀመሪያ ምንም አትንኩ። ፕሮግራሙን እንዳለ በአምስትና በስድስት ግብአት አስሩጡና ውጤቱን አስቀምጡ። ያ ምስክራችሁ ነው። ቀጥሎ ኮምፓይለሩን "የአሬይ ወሰን ፈትሽ" በሉት፤ አብዛኛው ኮምፓይለር ላይ እንዲህ የሚባልበት ማብሪያ አለ፣ ፕሮግራሙ ይዘገያል፣ ይዘግይ። ቀጥሎ የቫሪያብሎቹን፣ ዋጋ የሚይዙትን ስሞች፣ ዓይነት ሁሉ አውጁ፤ ፎርትራን ያልታወጀ ስም ሲያገኝ ከአይ እስከ ኤን በሚጀምሩ ፊደላት ከሆነ ኢንቲጀር፣ ካልሆነ ሪያል ብሎ ስለሚገምት የፊደል ስሕተት አዲስ ቫሪያብል ሆኖ ይወለዳል። ከዚያ አንድ ኮመን ወደ ሞጁል። አንድ! ማስሮጥ፣ ከምስክሩ ጋር ማስተያየት። ከዚያ ሌላ አንድ። አሬዮቹን አሎኬተብል የምታደርጓቸው ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

መጠኑን ከየት ታመጣላችሁ? እንግዳውን ቆጥሮ ነው እንጀራ የሚጋገረው። ስዋትን ክፈቱና እዩ፤ ጌትአሎ የሚባል ሰብሩቲን አለው። ሥራው መቁጠር ብቻ ነው፤ የግብአት ፋይሎቹን ከፍቶ ስንት ንዑስ ተፋሰስ፣ ስንት የመሬት አሃድ እንዳለ ይቆጥራል። ቀጥሎ አሎኬት ፓርምስ የሚባለው ይመጣና በቆጠራው ልክ ቦታውን ሁሉ በአንዴ ይወስዳል። ስሌቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ለአሮጌ ፕሮግራም ከዚህ የሚሻል አሠራር አላየሁም። በየሰብሩቲኑ ትንሽ ትንሽ ከመጠየቅ አንድ ቦታ ቆጥሮ አንድ ቦታ መውሰድ።

አሁን ወደ ተቃጠልኩበት ልምጣ።

አንድ የውሃ ሚዛን ፕሮግራም ነበረችን። የጣናን ሚዛን በየወሩ የምታሰላ፤ የሚገባው ወንዝ፣ የሚዘንበው ዝናብ፣ የሚተነው፣ በአባይ የሚወጣው። ፎርትራን 77። ትንሽ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ማን እንደጻፋት አይታወቅም። ከእኛ በፊት ያለ አንድ ሰው ደግሞ ለእኛ አቆጣጠር አስተካክሏታል፤ መስከረም አንደኛ ወር፣ ነሐሴ 12ኛ። እኔ ብዙ የዝናብ ጣቢያ እንድትቀበል ላሰፋት ፈለግሁ። "መጀመሪያ እንዳለች ወደ አሎኬተብል ላሻግራት፣ ጣቢያ መጨመሩ ኋላ ይደርሳል" አልኩ። ጥሩ አስቤያለሁ። አሁን የነገርኳችሁን ሁለተኛዋን እርምጃ ግን፣ የወሰን ፍተሻዋን፣ ዘለልኳት። ትንሽ ፕሮግራም ናት ብዬ ናቅኋታ!

አሻገርኩ፣ አስሮጥኩ። የመስከረም ከፍታ አልገጠመም። የሌሎቹ ወራት ለውጥ ልክ ነው፣ መስከረም ላይ ግን ሐይቁ ከአሮጌው ውጤት 9 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። 9 ሴንቲ ሜትር ምን አላት ትላላችሁ? ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አባዙት። ወደ 280 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው ያጠፋሁት!

ሦስት ቀን ኮዴን ፈተሽኩ። የእኔ ጥፋት ነው ብዬ አምኛለሁ፤ አሮጌዋ ስንት ዓመት የሠራች፣ የእኔዋ የሦስት ቀን ልጅ። ማን ይታመናል? በአራተኛው ቀን ተሸንፌ የወሰን ፍተሻውን አበራሁት። ገና ስትነሣ ቆመች። መልእክቱ አንድ መስመር ነው፤ የዝናብ አሬይ ላይ 13ኛው ቦታ ተጠይቋል፣ ወሰኑ ግን 12 ነው ይላል። የመስመሩንም ቁጥር ሰጠኝ።

13! እዚያ ወንበር ላይ ብቻዬን ሣቅሁ። ጳጉሜን ናታ!

ያ ደግ ሰው፣ ለእኛ አቆጣጠር ያስተካከላት፣ ዝናቡን በየወሩ እየደጋገመ የሚያነበውን ሉፕ እስከ 13 አድርጎታል። ካነበበ በኋላ የጳጉሜንን ዝናብ ነሐሴ ላይ ይደምረዋል። አሳቡ ትክክል ነው፣ ድምሩም ትክክል ነው። አሬዩን ግን 12 ላይ ትቶታል። እንግዲህ ለጳጉሜን ቤት ሳይሠራ ጳጉሜንን ጠርቷታል። የት ትደር?

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አምጡ፤ ስሙ ሳይሆን ቦታው። አሮጌዋ ፕሮግራም ኮመን ውስጥ 12ቱ የዝናብ ቦታዎች አሉ፣ ከእነርሱ ቀጥሎ 12ቱ የትነት ቦታዎች። 13ኛው ዝናብ ማለት የመጀመሪያው ትነት ነው። የመስከረም ትነት! ትነቱ ቀድሞ ይነበባል፣ ዝናቡ ኋላ። ስለዚህ የመስከረም ትነት 125 ሚሊ ሜትር ተብሎ በሥርዓቱ ይገባል፤ ከዚያ የጳጉሜን 32 ሚሊ ሜትር ዝናብ መጥታ እላዩ ላይ ትተኛለች። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሐይቁ ከሚተነው ሩቡን ብቻ ይተናል ማለት ነው።

ለምን ማንም አላየውም? ይሄ ነው የሚያስፈራው። ጣና የሚሞላው መቼ ነው? ክረምቱ ሲያበቃ፣ መስከረም ላይ። በሚሞላበት ወር ትንሽ ከፍ ቢል ማን ይደነግጣል? ደግሞ እኛ ፕሮግራሟን ከተለካው ከፍታ ጋር ስናስተካክል የመውጫውን ቁጥር ትንሽ ከፍ አድርገን አካክሰነዋል። ያልተነነውን ውሃ በአባይ አስወጥተነዋል። ካሊብሬሽን የምትሉት ነገር እንዲህ ያደርጋል፤ ስሕተቱን አልብሶ፣ ኩሎ፣ ሰርግ ቤት ያስገባዋል።

አባቴ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር ዕድሜ ልኩን በድንበር ተካሷል። ሰውየው በየዓመቱ አንድ ትልም ነው የሚገፋው። አንድ ትልም! ማን ለአንድ ትልም ሽማግሌ ይጠራል? በአሥር ዓመት ግን አሥር ትልም ነው። አባቴ እንዲህ ይል ነበር፤ ድንበር ገፊ ሦስት ዕድል አለው። የሰው እርሻ ውስጥ ይገባል፣ ያኔ የሰው እህል ያጠፋል። ወይም የከብት መሄጃው ላይ ይገባል፣ ያኔ ማንም አይናገረውም። ወይም የመንግሥት ክልል ይነካል፣ ያኔ ታጣቂ ይመጣበታል።

አሬይም እንደዚያው ነው። ኮመን ውስጥ ድንበር የገፋ ቁጥር የጎረቤቱን እርሻ ያጠፋል፤ ፕሮግራሙ ይሮጣል፣ ውጤቱ ይዋሻል። ያልተፈቀደለት አድራሻ ከነካ ታጣቂው ይመጣል፤ ሴግመንቴሽን ፎልት ብሎ ያስቆመዋል። እናንተ የምትፈሩት ይሄንን ነው አይደል? እኔ የምወደው እርሱን ነው! ቢያንስ ይጮኻል። መካከለኛውስ? የከብት መሄጃውስ? የእኔ አዲሷ ፕሮግራም ያረፈችው እዚያ ነው። 12 ቁጥር በአራት ባይት 48 ባይት ነው። የምሠራበት ሊኑክስ ላይ ያለው አከፋፋይ 48 ሲጠየቅ ለቀቅ አድርጎ 56 ይሰጣል። ጳጉሜን ከ49ኛው እስከ 52ኛው ባይት ባለው ትርፍ ላይ ተኛች። ማንንም አልነካች፣ ማንም አልጮኸ። የመስከረም ትነት ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ሆነ፤ ስሕተቱ ግን እዚያው ነበር። ልክ ውጤት፣ ስሕተት ኮድ። አከፋፋዩ ሌላ ቢሆን ኖሮ ወይም አሬዩ ጥቂት ቢረዝም፣ ጳጉሜን ያ አከፋፋይ ለራሱ የሚይዘውን መዝገብ ላይ ትጽፍበት ነበር፤ ያኔ ፕሮግራሙ የሚወድቀው እዚያ ሳይሆን ሌላ ቦታ፣ ቦታ ስትመልሱ ወይም ሌላ ስትጠይቁ ነው።

እና ምስክር አስቀምጡ ያልኳችሁን አልሽርም። አስቀምጡ። ግን ምስክሩም ሊዋሽ ይችላል፤ እኔ ሦስት ቀን የራሴን ኮድ የከሰስኩት በሐሰተኛ ምስክር ነው።

ለአለቃዬ ልነግረው ገባሁ። ወረቀት ላይ ሥዬ አሳየሁት፤ 12 ሣጥን፣ 12 ሣጥን፣ ጳጉሜን። ብዙ ዝም አለና "ስንት ዓመት ነው?" አለኝ። "የማውቀው አራት" አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ማረሚያ ደብዳቤ ተጻፈ፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ አንድ ገጽ የለም።

… ሰዓት? አሥር ደቂቃ? እሺ። ሦስተኛውን በሩጫ።

የወሰደ ይመልሳል። ማን? አሎኬተብል አሬይ ሰብሩቲን ውስጥ ከታወጀና ሴቭ (ይቆይ) ካልተባለ፣ ከፎርትራን 95 ጀምሮ ሰብሩቲኑ ሲወጣ ቦታው በራሱ ይመለሳል። ደግ ነው። ፖይንተር፣ የቦታውን አድራሻ ብቻ የሚይዝ፣ ከሆነ ግን አይመለስም! ፖይንተሩ ይጠፋል፣ ቦታው ግን ተይዞ ይቀራል፤ አድራሻውን የሚያውቅ ሰው የሌለው ቤት ይሆናል። አንድ ጊዜ ካሊብሬሽን አስሩጬ፣ 5,000 ጊዜ እንድትደጋግም አዝዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በእያንዳንዱ ዙር 2 ሜጋ ባይት ይቀርባት ነበር፣ አላወቅሁም። ማሽኗ 8 ጊጋ ባይት ነበራት፤ እናንተ አስሉት የት ላይ እንደምትሞላ። ጠዋት ስመጣ ጥበቃው በር ላይ ጠብቆኝ "ጋሼ፣ ያ ሣጥንዎ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ነው ያደረ፣ ሰው መስሎኝ ነበር" አለኝ። ሜሞሪ ሲያልቅባት ዲስኩን እየቆፈረች ነው። ስለዚህ አሎኬተብል የሚበቃችሁ ቦታ ፖይንተር አትጠቀሙ። አለቀ።

ግልባጩም አለ። አሮጌ ኮድ ውስጥ ሰብሩቲን የራሱን ቫሪያብል ዋጋ ለሚቀጥለው ጥሪ ይቆይልኛል ብሎ ያምናል። የድሮ ኮምፓይለሮች ቋሚ ቦታ ስለሚሰጡት ይቆይለት ነበር፤ ደንቡ ግን ሴቭ ካልተባለ አያስገድድም። ዛሬ ስታክ ላይ፣ ለጥሪው ብቻ በሚያዝ ጊዜያዊ ቦታ፣ ይቀመጥና ይጠፋል። አንደኛው ጥሪ ደህና፣ ሁለተኛው ጥሪ እብደት ካያችሁ መጀመሪያ ሴቭን ፈልጉ።

ስታክ ካልኩ፣ ትልልቅ አሬይ እዚያ አታስቀምጡ። ሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው 8 ሜጋ ባይት ነው። 1,000 በ1,000 የሆነ አንድ ድርብ ትክክለኝነት አሬይ ብቻውን 8 ሚሊዮን ባይት ነው። ሌላ ጥቂት ከተጨመረበት ሰብሩቲኑ በር ላይ ይሞታል፣ እናንተ ደግሞ ውስጡን ስትፈትሹ ትውላላችሁ።

የመጨረሻ፣ አንዳንድ አሮጌ ኮድ የሲ ቋንቋን ቦታ መጠየቂያ፣ ማሎክን፣ ጠርቶ የተሰጠውን አድራሻ ተራ ኢንቲጀር ውስጥ ያስቀምጣል። ባለ 32 ቢት ማሽን ላይ አድራሻውም አራት ባይት፣ ኢንቲጀሩም አራት ባይት፤ ይገጥማሉ። ባለ 64 ቢት ላይ አድራሻው ስምንት ባይት ነው። ግማሹ ይቆረጣል። የቤት ቁጥሩን ይዞ ቀበሌውን እንደ መጣል ነው፤ ቀበሌ 14 ለቅሶ ልትደርስ ወጥተህ ቀበሌ 3 ሰርግ ቤት ትገባለህ። እንዲህ ያለ ኮድ ካገኛችሁ አታስታምሙት፣ በአሎኬት ተኩት። አንድ የምሥራች ግን አለ፤ አሎኬት ስታት የሚባል መልስ መስጫ አለው። ጠይቁት። ዜሮ ካልሆነ ቦታ አላገኛችሁም፤ እንደዚያ እንደ አሮጌው ገመድ ያዥ ስንት እንደጠየቃችሁ ጽፋችሁ ቁሙ።

ምሳ ደርሷል እያሉኝ ነው፤ ዓሣው ሳይቀዘቅዝ እንሂድ። ከሰዓት ላፕቶፕ ያላችሁ እዚሁ ተመለሱ፣ የሌላችሁ ሁለት ሁለት ሁኑ። ያቺን የውሃ ሚዛን ፕሮግራም ከነ ጳጉሜኗ በፍላሽ አምጥቻለሁ፤ የግብአቱ ቁጥሮች የልምምድ ናቸው። የወሰን ፍተሻውን መጀመሪያ ሳታበሩ ፈልጉ፣ ከዚያ አብሩት። 13ን ስታገኙ ጨረስን ብላችሁ እንዳትነሡ፤ አንዲት ሌላ ደግሞ ሆን ብዬ ትቼበታለሁ፣ እርሷን ፍተሻውም አይይዛትም።